ቦራክሱን እሳት ላይ ከመጣድዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ሐሳቡ ሲሰሙት ያጓጓል። ቦራክስ ገዝቶ በሙቅ ውሃ ማሟሟት፣ ሎሚ ወይም አቼቶ መጨመር፣ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ድስቱ ውስጥ የሚረጋውን ነጭ ቅርፊት ማጥለል። ቅርፊቱ ቦሪክ አሲድ ነው። በረሮ ይገድላል፣ ለሰብል የቦሮን ምንጭ ይሆናል፣ የመስታወትና የሴራሚክ ፋብሪካዎችም ይገዙታል። አደገኛው ሰልፈሪክ አሲድ ሳያስፈልግ፣ ያለ ትልቅ ፋብሪካ ይሠራል። ኬሚስትሪ ተምሮ ሥራ ያጣ ወጣት ጋሞ ዞን ውስጥ ካምባ ወረዳ ላይ ተቀምጦ ይህን ቢያስብ አይፈረድበትም። ኬሚስትሪው ልክ ነው። ቪልሄልም ሆምበርግ ፓሪስ ውስጥ በ1702 እ.ኤ.አ. ቦሪክ አሲድን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ከዚሁ ከቦራክስ ላይ በአሲድ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከድስቱ በፊትና ከድስቱ በኋላ ያለው ነገር ነው። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ፣ ጓደኞችዎን ከማደራጀትዎ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ቢመልሱ እመክራለሁ። አንዳንዶቹ በሁለት መስመር ያልቃሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ሐሳቡን ከሥሩ ይነቅሉታል።

ማዕድኑን ከየት ያገኙታል?

ቦራክስ የሚገኝባቸው፣ ቦሬት የሚባሉት ማዕድናት እንደ ልብ አይገኙም። ከዓለም ክምችት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቱርክ ውስጥ ነው፤ ኤሜት፣ ኪርካና ቢጋዲች በሚባሉ ቦታዎች ኤቲ ማደን የተባለው የመንግሥት ድርጅት ያወጣዋል። ቀጥሎ የሚጠራው የካሊፎርኒያ በረሃ ነው፤ እዚያ ከማዕድኑ የተነሳ ቦሮን ተብላ የተሰየመች ከተማ አለች።

ለምን እዚያ ተከማቸ? እሳተ ገሞራ ካለበት የሚመነጭ ፍል ውሃ ቦሮን ይዞ ይወጣል። ውሃው መውጫ የሌለው ደረቅ ሐይቅ ውስጥ ከገባና ለብዙ ሺህ ዓመታት ከተነነ ቦሬት ይቀራል። ዝናብ በበዛበት ተራራ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቦሮን በውሃ ቶሎ ስለሚታጠብ አይጠራቀምም። የጋሞ ደጋ እንደዚህ ያለ አገር ነው። ስለዚህ ተራራ ላይ ነጭ ድንጋይ ባዩ ቁጥር ቦሬት አገኘሁ ብለው አይቆፍሩ። ቆላ ወርደው ከብት የሚልሰውን ቦሌ ቢያገኙም እሱ አብዛኛውን ጊዜ ሶዳና ጨው ነው። ቀላል መለያ አለ፤ ሎሚ ያንጠባጥቡበት። አረፋ አውጥቶ ከፈላ ሶዳ ወይም የኖራ ድንጋይ ነው። ቦራክስ ሎሚ ሲነካው እንዲያ አይፈላም።

እንግዲህ በእጅዎ የሚገባው ከውጭ የመጣ፣ ተጣርቶ ያለቀ ቦራክስ ነው። አንጥረኛ ብርና ወርቅ ሲያያይዝ መጋጠሚያው ላይ የሚነሰንሰው፣ የነሐስ ብየዳ የሚሠሩትም የሚያውቁት ነጭ ዱቄት ማለት ነው። ይህን ልብ ይበሉ፤ የእርስዎ ድርሻ ማዕድን አውጥቶ ማጣራት አይሆንም። ተጣርቶ የመጣን አንድ ኬሚካል ወደ ሌላ ኬሚካል መቀየር ነው። ዋጋው ላይ ስንደርስ ይህ ይመለሳል።

ለእርሻ ነው? እንግዲያው ድስቱን ይተዉት

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ከካምባ ሰው ለቦሮን የሚጓጓው አብዛኛው ለማሳው ብሎ ስለሆነ። ጉጉቱ ምክንያት አለው። በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ አፈር መረጃ ሥርዓት (ኢትዮሲስ) የአገሪቱን አፈር ሲመረምር ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ ድኝ፣ ዚንክና ቦሮንም በብዙ ቦታ እንደሚያንሱ አሳየ። ዳፕ የተባለው ማዳበሪያ ቀስ በቀስ ለኤንፒኤስ ቦታ የለቀቀው፣ ቦሮን የተቀላቀለበት ኤንፒኤስቢ የሚባለውም ማዳበሪያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ማዳበሪያ ያየ ገበሬ "ቢ"ዋ ምን እንደሆነች ቢጠይቅ መልሱ ቦሮን ነው።

ግን አንድ የአፈር ሐቅ አለ፤ ይህን ሐቅ ያወቀ ሰው ለእርሻ ብሎ ቦሪክ አሲድ አያነጥርም። ተክል ቦሮንን በሥሩ የሚስበው ቦሪክ አሲድ ሆኖ ሲያገኘው ነው። ቦራክስ እርጥብ አፈር ላይ ሲወድቅ ይሟሟል፤ የአፈሩ ፒኤች ከ9 በታች እስከሆነ ድረስ ደግሞ አብዛኛው ቦሮን ራሱን በራሱ ወደ ቦሪክ አሲድ ይቀይራል። የጋሞ ደጋ አፈር ይባስ ብሎ አሲዳማ ነው። ስለዚህ እርስዎ በሎሚና በማገዶ ሊሠሩት ያሰቡትን ሥራ አፈሩ ያለ ምንም ወጪ ይሠራዋል። ጥያቄው ማሳው ቦሮን አንሶታል ወይ፣ ካነሰውስ ስንት ይበቃዋል የሚለው ብቻ ነው።

የሚበቃው መጠን እጅግ ትንሽ ነው። አንሶታል በተባለ መሬት ላይ በተለምዶ የሚመከረው በሄክታር ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቦሮን ነው። ቦራክስ ከክብደቱ 11 በመቶ ያህሉ ቦሮን ስለሆነ፣ በዝቅተኛው መጠን ለአንድ ጥማድ ማለትም ለሩብ ሄክታር 2.2 ኪሎ ቦራክስ ይሆናል። ሁለት ኪሎ ዱቄት ሩብ ሄክታር ላይ እኩል መበተን ቀላል እንዳይመስልዎ። አንድ ቦታ እፍኝ ከወደቀ እዚያ ቦታ ያለው ቡቃያ ይቃጠላል። ኤንፒኤስቢ ውስጥ እንኳ በ100 ኪሎ የሚገባው ቦሮን 1 ኪሎ አይሞላም፤ የተቀላቀለበትም ዋናው ምክንያት በእኩል እንዲዳረስ ነው።

በማነሱና በመብዛቱ መካከል ያለው ርቀት እንደ ቦሮን የጠበበ የተክል ምግብ ጥቂት ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለመስኖ ውሃ ባወጣው ዝርዝር ሎሚ በሊትር ከግማሽ ሚሊግራም በታች ቦሮን ይጎዳዋል። አቮካዶ፣ ብርቱካንና ሽንኩርት እስከ 0.75 ድረስ ነው የሚችሉት። ስንዴ፣ ስኳር ድንችና ቦሎቄ ከ1 አያልፉም። ድንችና አተር እስከ 2፣ ጎመንና በቆሎ እስከ 4 ይታገሣሉ። ማሽላ ግን ከ4 በላይ፣ ጥጥ ደግሞ ከ6 ሚሊግራም በላይም ይችላሉ። ካምባ ከደጋ እስከ ቆላ ስለሚወርድ ይህ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች የአንድ ወረዳ ገበያ ይመስላል። ቆላ ለጥጥ የማይሰማው መጠን ወይና ደጋ ያለውን አቮካዶ ሊያደርቀው ይችላል። ጎረቤት ማሽላው ላይ በትኖ ጉዳት ስላላየ እርስዎም ለቦሎቄዎ አይበትኑ።

ምልክቱን በዓይን መለየት ይቻላል፣ በጥንቃቄ ከሆነ። ቦሮን ሲያንስ የሚጎዳው ለጋው ክፍል ነው፤ ጫፉ ይሞታል፣ አዲሱ ቅጠል ይጨማደዳል፣ የጎመን ግንድ ውስጡ ይቦረቦራል፣ አበባ ይወጣና ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል። ሲበዛ ደግሞ የሚጎዳው አሮጌው ቅጠል ነው፤ ከጫፉና ከዳሩ ጀምሮ ቢጫ ይሆንና ይነድዳል። ቅጠሉ ዳር ዳሩን የነደደበትን ማሳ "ቦሮን አንሶታል" ብለው ሲጨምሩበት ያበቃለታል።

የጓሮውን እንሰት አይንኩት። የጋሞ እናቶች ዕድሜ ልካቸውን ፍግና አመድ ሲያፈሱበት የኖሩት መሬት ነው፤ ፍግም አመድም ቦሮን አላቸው። የሚያጠራጥረው ከቤት የራቀው፣ ዝናብ ያጠበው ውጭ ማሳ ነው። በተለይ አሲዳማነቱን ለማከም የግብርና ኖራ ከተበተነበት በኋላ ያስተውሉ፤ ኖራ ሲበዛ ቦሮን ለተክሉ መገኘቱ ይቀንሳል።

ከመገመት ይልቅ ማስመርመር ይሻላል። በቀበሌዎ ያለውን የልማት ሠራተኛ ይጠይቁ፤ አርባ ምንጭ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከልም ዩኒቨርሲቲም አለ። ናሙናውን ሲወስዱ በፕላስቲክ ይሁን። የላቦራቶሪ መስታወት ራሱ ሲሠራ ቦሮን ስለሚገባበት የምርመራውን ውጤት ሊያዛባ ይችላል።

ለሌላ ነገር ከሆነ፣ የትኛው አሲድ?

ለእርሻ ካልሆነ፣ ለፋብሪካ ወይም ለሌላ ገዢ ከሆነ፣ አሁን ወደ ድስቱ እንግባ። ከ1 ኪሎ ቦራክስ ሊወጣ የሚችለው ከፍተኛው ቦሪክ አሲድ 648 ግራም ነው። ይህ ጠብታ ሳይባክን ነው፤ በተግባር ሁልጊዜ ይባክናል፤ የሚባክነው መጠን ደግሞ በመረጡት አሲድ ይወሰናል።

አቼቶን እንይ። የገበያ አቼቶ ከ100 እጅ 5 ያህሉ ብቻ ነው አሲድ፤ የቀረው ውሃ ነው። 1 ኪሎ ቦራክስ ለመቀየር ከ6 ሊትር በላይ አቼቶ ይፈልጋሉ። ውሃ በ20 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሊትር 47 ግራም ቦሪክ አሲድ አሟሙቶ ይይዛል። በስድስት ሊትሩ ውስጥ እንግዲህ ወደ 300 ግራም የሚጠጋው አልረጋም ብሎ ይቀራል ማለት ነው። ግማሽ ያህሉ ምርትዎ ውሃ ውስጥ ቀረ። ፋብሪካ የሚጠቀምበትን ያልተበረዘ አሴቲክ አሲድ ቢገዙ ይህ ችግር ይቃለላል፤ እሱ ግን ቆዳ ያቃጥላል፣ ትነቱ ሳንባ ይጎዳል፣ በእሳት አጠገብም ይቀጣጠላል።

ሎሚ ደግሞ እንደ ጭማቂ ከሆነ ከአቼቶ ብዙም አይሻልም፤ 7 ሊትር ያህል የተጣራ ጭማቂ ያስፈልጋል። ከጭማቂው ጋር ስኳሩ፣ ሙጫውና ቀለሙ አብሮ ይገባል። ንጹህ ነጭ ቅርፊት ሲጠብቁ ቡናማ የሚያጣብቅ ነገር ያገኛሉ። በዱቄት የሚሸጠው ሲትሪክ አሲድ ይበልጣል፤ ለ1 ኪሎ ቦራክስ 340 ግራም ገደማ ይበቃል፣ ውሃውም ትንሽ ስለሚሆን ብዙው ይረጋል። ግን ሲትሪክ አሲድ እንደ ወይን አሲድ ሁሉ ቦሮንን የማቀፍ ጠባይ አለው፤ ከፊሉን ይዞ ያስቀረዋል።

ኦክሳሊክ አሲድን የሚያነሱ ሰዎች አሉ። አልመክርም። ራሱ መርዝ ነው። ከዚህም ሌላ ከቦራክስ ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ሶዲየም ኦክሳሌት በቀዝቃዛ ውሃ የመሟሟት አቅሙ እንደ ቦሪክ አሲድ ሁሉ አነስተኛ ነው፤ ሁለቱ አብረው ይረጉና መለየት ያቅታል። ኮልማናይት በሚባለው የካልሲየም ቦሬት ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ የሚፈጠረው ካልሲየም ኦክሳሌት የማይሟሟ ስለሆነ በማጥለያ ላይ ይቀራል፣ ምንም እንኳ ገና ያልተነካውን ማዕድን እንደ ቅርፊት ሸፍኖ ሥራውን ሊያዘገየው ቢችልም።

ቱርክ ያሉት ትልልቅ ፋብሪካዎች ከኮልማናይት በሰልፈሪክ አሲድ ይሠራሉ፤ ርካሽ ነው፤ ተረፈ ምርቱ ግን የጂፕሰም ክምር ነው፣ ሰልፌትም ምርቱ ውስጥ ይቀራል። የቱርክ ተመራማሪዎች ፕሮፒዮኒክ አሲድ የመሳሰሉትን የሞከሩት ይህን ለማስወገድ ነው። በፕሮፒዮኒክ አሲድ የሚገኘው ካልሲየም ፕሮፒዮኔት ዳቦ እንዳይሻግት የሚጨመር ነገር ስለሆነ ተረፈ ምርቱም ይሸጣል። ኦርጋኒክ አሲድ እውነተኛ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ማዕድኑ በደጅ ላለው፣ ተረፈ ምርቱንም ለሚሸጥ ሰው። ተጣርቶ የመጣ ቦራክስ በሎሚ ለሚቀይር ሰው ያ ጥቅም የለም።

እንፋሎቱስ? የቀረው ውሃስ?

"ውሃው ውስጥ የቀረውን አፍልቼ አደርቀዋለሁ" ብለው ካሰቡ ይህን ይስሙ። ቦሪክ አሲድ ከውሃ እንፋሎት ጋር አብሮ ይበርራል። ይህ ጠባዩ በጣልያን ቶስካና አንድ ኢንዱስትሪ ወልዷል። ላርደሬሎ በሚባለው ቦታ ከመሬት የሚወጣው ፍል እንፋሎት ቦሪክ አሲድ እንደሚይዝ ሆፈር የተባለ ሰው በ1777 እ.ኤ.አ. ደረሰበት፤ በ1818 እ.ኤ.አ. ፍራንሷ ደ ላርደሬል ከዚያው ማምረት ጀመረ። ምድር በራሷ እንፋሎት ያወጣችውን እርስዎ ጎጆ ውስጥ በዝግ ቤት ቢያፈሉት እንፋሎቱ ግድግዳው፣ ዕቃው፣ የተቀመጠው ቆጮ ላይ ያርፋል። ምግብ በሚበስልበት ቤትም በምግብ ድስትም አይሆንም።

መድፋትም አይሆንም። ከላይ በአቼቶ የሠራነውን 1 ኪሎ እንውሰድ። በቀረው ውሃ ውስጥ ያለው 300 ግራም ቦሪክ አሲድ 52 ግራም ገደማ ቦሮን ይዟል። ይህን አቮካዶ ወደሚችለው በሊትር ግማሽ ሚሊግራም ለማውረድ ከ100 ሺህ ሊትር በላይ ንጹህ ውሃ ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ ብቻ! በወር መቶ ኪሎ የሚሠራ ማኅበር ዝቃጩን ከምንጭ በላይ ባለ ቦይ ቢደፋው ከታች በመስኖ ሽንኩርት ያለማው ሰው ሳያውቅ ይከስራል። ቦሮን አይበሰብስም፣ በአሸዋ ማጣሪያም አይቀርም። በቱርክ የቡዩክ ሜንደሬስ ሸለቆ የክዝልደሬ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ወደ ወንዙ የለቀቀው ቦሮን ያለበት ውሃ ለመስኖ ገበሬዎች ለብዙ ዓመታት ራስ ምታት ሆኖ ቆይቷል። የማመንጫው ሰዎች ቦሮኑን የለቀቁት ሳያስቡት ነው፤ እርስዎ ግን አስበውበት ነው የሚሠሩት። ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 2.4 ሚሊግራም መሆኑንም ይያዙ።

ቤት ውስጥ ማን አለ?

ስለዚህ ጉዳይ ለስላሳ ቃል የለኝም። ቦሪክ አሲድ ነጭ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕሙም እንደ መርዝ አያስደነግጥም። ጨው፣ ስኳር ወይም የዳቦ ሶዳ ይመስላል። በረሮ ለማጥመድ ደግሞ የሚቀላቀለው ከስኳር ጋር ነው። በሕክምና መጻሕፍት ለሕፃን ገዳይ ሊሆን የሚችለው ከ3 እስከ 6 ግራም ተብሎ ይጠቀሳል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ለይቶ የሚያከሽፈው መድኃኒት የለም። ልጅ ቀመሰው ብለው ከጠረጠሩ ወተት እያጠጡ አይጠብቁ፣ በጣት እያስገቡም ለማስመለስ አይሞክሩ፤ ዕቃውን ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይሩጡ። ከካምባ ተራራማ መንገድ አርባ ምንጭ ድረስ የሚፈጀውን ሰዓት ያስቡ። እኔ በዚያ ርቀት ላይ ስም ያልተጻፈበት የዚህ ዱቄት ከረጢት አላስቀምጥም።

ድሮ ቦሪክ አሲድ ዓይን ማጠቢያ፣ የሕፃናት መቀመጫ ሲቆጣ የሚነሰነስ ዱቄትም ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተላጠ ቆዳ አልፎ ወደ ደም እየገባ ሕፃናት እንደሚገድል ሐኪሞች ሲያረጋግጡ ከሕፃናት መድኃኒት መደርደሪያ ወረደ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የአውሮፓ ኅብረት ለመውለድ አቅምና ለፅንስ ስለሚያሰጋ እጅግ አሳሳቢ ከሚላቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ መሥራት የለባትም። በቤት የተነጠረውን ለዓይን፣ ለቁስል ወይም ለማኅፀን መድኃኒት ብለው ለማንም እንዳይሰጡ። ለምግብ ማቆያም ፈጽሞ አይሁን፤ ሥጋና ቅቤ እንዳይበላሽ ብሎ መጨመር የጥንት ጥፋት ነው።

ፈቃድ

ለበረሮ ብለው አሽገው ከሸጡት ፀረ ተባይ ሸጡ ማለት ነው፤ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ሳይመዘገብ መሸጥን ይከለክላል። መድኃኒት ካሉት ደግሞ ጉዳዩ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። "ለአነስተኛ ማኅበር ማን ያየኛል" ማለት ደንበኛዎን ለአደጋ መዳረግ ነው።

ሒሳቡ

የቦራክሱን የኪሎ ዋጋ በ1.54 ያባዙ። ግማሽ ኪሎ የሲትሪክ አሲድ ዋጋ ይጨምሩበት። ይህ ምንም ሳይባክን የ1 ኪሎ ቦሪክ አሲድ የጥሬ ዕቃ ወጪ ብቻ ነው። ማገዶ፣ ሚዛን፣ ጓንት፣ ከአዲስ አበባ ካምባ ድረስ ያለው የጭነት ዋጋ ገና አልገባም። ከዚያ በመርካቶ ተሠርቶ የመጣው ቦሪክ አሲድ በኪሎ ስንት እንደሚሸጥ ስልክ ደውለው ይጠይቁ። ቦራክሱንም ቦሪክ አሲዱንም ያመረተው ሩቅ አገር ያለ፣ ሰልፈሪክ አሲድ በርካሽ የሚያገኝ ፋብሪካ እንደሆነ አይርሱ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፈው እስኪያዩ ድረስ የማኅበር ስም እንኳ አያውጡ።

ታዲያ ለምን ይበጃል?

ለትምህርት። ይህን ስል ለማጽናናት አይደለም፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ በጥቂት ብር፣ የአሲድና የጨው ምዕራፍን በዓይን ከሚያሳዩ ሥራዎች አንዱ ይህ ስለሆነ ነው። ካምባ ያለ የኬሚስትሪ መምህር 20 ግራም ቦራክስ በ50 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ያሟሙ፤ 7 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥቂት ውሃ አሟሙተው ይጨምሩ። ሲቀዘቅዝ ብልጭ ብልጭ የሚል ቀጭን ቅርፊት ይወርዳል። የደጋው ሌሊት እንደ ማቀዝቀዣ ያገለግላል፤ ወደ ዜሮ ዲግሪ በቀረበ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው በሊትር 25 ግራም ብቻ ስለሆነ ጠዋት ተማሪዎቹ ከትናንት የበለጠ ረግቶ ያገኙታል። አጥልለው፣ በጥቂት በረዶ ቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው፣ ያድርቁትና ይመዝኑት። በወረቀት ላይ ሊወጣ ይገባ የነበረው 13 ግራም ነው፤ ስንት አገኙ? የጎደለው የት ሄደ? ይህን ጥያቄ የመለሰ ተማሪ ከላይ የጻፍኩትን አብዛኛውን በራሱ ይደርስበታል።

ከደረቀው ላይ የቢላ ጫፍ ያህል ቆንጥረው በሸክላ ገል ላይ በትንሽ ስፒሪት ቢያርሱትና መምህሩ ከልጆቹ ራቅ ብለው በር ተከፍቶ ቢያቀጣጥሉት ነበልባሉ አረንጓዴ ይሆናል። የስፒሪቱን ጠርሙስ አስቀድመው ከክፍሉ ያውጡት፤ ገሉ ላይ እሳት እያለ ስፒሪት እንዳይጨምሩ። የተጠለለውን ውሃም አይድፉት። በፕላስቲክ ጠርሙስ ከድነው "ቦሪክ አሲድ፣ አይጠጣም" ብለው በቀለም ይጻፉበት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላው ክፍል ቦራክሱን የሚያሟሙበት ውሃ እሱ ይሁን።